የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወትና የሕክምና ዋጋ ጥያቄ

መግቢያ

ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። አብዛኛው ጽሑፍ የሚያነሣቸው በዘመናዊ ሕክምና ሠልጥነው የተመረቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም በመሆናቸው ነው። ሌላው ደግሞ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊነታቸውን፣ የጨርጨር ገዥነታቸውን ወይም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው መሥራታቸውን ያወሳል። እኔ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ሕይወታቸውን በአንድ ጥያቄ በኩል ለማየት እሞክራለሁ። ጥያቄው ቀላል ነው፤ የሐኪሙንና የመድኃኒቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ያደግኩት ጋይንት ውስጥ በቤተ ልሔም አካባቢ ነው። ቤተ ልሔም እንደሚታወቀው የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ከሩቅ አገር የሚመጣው የቆሎ ተማሪ እዚያ ዓመታት የሚቆየው አኩፋዳውን ይዞ ከየቤቱ ቁራሽ እየለመነ ነው። መቶ ተማሪ ብቻውን መቀለብ የሚችል ገበሬ በአገራችን የለም። ሁሉም ቤት ትንሽ ትንሽ ስለሚሰጥ ግን ትምህርቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይቋረጥ አልፏል። ይኸው ሕዝብ ታዲያ በሕመም ጊዜ ለየብቻው ነበር። ልጁ የታመመበት ሰው በሬውን ይሸጣል፤ በሬ የሌለው ይበደራል፤ አበዳሪ ያጣ ደግሞ ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል። ዕድርም ቢሆን በአብዛኛው የሚደርሰው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ለተማሪው ቁራሽ ማዋጣት የለመደ አገር ለታማሚው ማዋጣትን ለምን አልለመደም? የሐኪም ወርቅነህን ታሪክ ሳነብ በአእምሮዬ የሚመላለሰው ይኸው ነው።

ከመቅደላ እስከ ላሆር

ሐኪም ወርቅነህ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ነው። ጊዜው የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት እየተዳከመ የሄደበት ነበር። ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ እያስጎተቱ በጋይንት ደጋ በኩል ወደ መቅደላ ተጓዙ። የወርቅነህ ቤተሰብም በመጨረሻው ሰዓት መቅደላ ላይ ከነበሩት አንዱ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀች፤ ንጉሡም ራሳቸውን ሠዉ። በዚያ ትርምስ ሦስት ዓመት ያለፋቸው ሕፃን ከወላጆቻቸው ተለዩ። ኮሎኔል ቻምበርሊን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን አግኝቶ ወደ ህንድ ወሰዳቸው። እሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን አሳዳጊ ሆነ፤ የትምህርታቸውንም ወጪ ከኪሱ ይከፍል ጀመር። ለረጅም ጊዜ የሚታወቁበት ቻርለስ ማርቲን የሚለው ስም ከእነዚህ አሳዳጊዎች የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የሕፃኑ ዕድል በሙሉ የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ደግነት ላይ ነበር። ያ ሰው ሲሞት ሁለተኛ ደግ ሰው ባይገኝ ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር? ከመቅደላ የተወሰዱት የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዝ አገር ገና በወጣትነታቸው እንደሞቱ እናውቃለን። ወርቅነህ ተርፈዋል። ሆኖም መትረፋቸው ሥርዓት ያመጣው ነገር አይደለም፤ ዕጣ ነው። በኋላ በሆስፒታሎች ታሪክ ውስጥ የምናየው ችግርም ከዚሁ ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ወርቅነህ በህንድ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው ላሆር ሕክምና ኮሌጅ ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1882ም ተመረቁ። ቆይተው ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ተጨማሪ የሕክምና ማዕረግ አገኙ።

የመንግሥት ደመወዝተኛ

ሐኪም ወርቅነህ ከስኮትላንድ ሲመለሱ የተመደቡት በርማ ውስጥ ነው። በርማ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ህንድ መንግሥት ሥር ነበረች። እሳቸውም የዚያ መንግሥት ሐኪም ሆነው ረጅም ዘመን አገልግለዋል።

በዚህ ሥራ ላይ የነበረ ሐኪም ኑሮው የተመሠረተው አንድ ታማሚ በሚሰጠው ገንዘብ ላይ አልነበረም። ደመወዙን ወር ጠብቆ የሚከፍለው መንግሥት ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ደግሞ ከሕዝቡ ከሚሰበሰብ ግብር ነው። የቅኝ ግዛት መንግሥት ስለነበር ደግ ነበር ማለቴ አይደለም። ግብር ከፋዩ የበርማ ገበሬ በጉዳዩ ላይ ድምፅ አልነበረውም። ነገር ግን የአከፋፈሉ ዘዴ ከኮሎኔሉ ደግነት የተለየ ነው። ኮሎኔሉ ሲሞት ገንዘቡ ይቆማል፤ ግብር ከፋዩ አንዱ ቢሞት ግን ሆስፒታሉ አይዘጋም። ወርቅነህ ሁለቱንም ዓይነት አከፋፈል ከሠላሳ ዓመት ዕድሜያቸው በፊት በራሳቸው ሕይወት አይተዋል ማለት ነው።

ወደ አገር ቤት

በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ዜና ዓለምን ሲያዳርስ ወርቅነህም ሰሙ። ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ያውቁ ነበርና አገራቸውን ለማየት ተነሡ። ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው በሐረር በኩል አድርገው በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። አማርኛ አያውቁም ነበር፤ የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው። ወሬውን የሰሙት ሴት አያታቸው ግን መጥተው በገላቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለዩአቸው። ወርቅነህ የሚለውን የልጅነት ስማቸውንና የአባታቸውን ስም እሸቴን ያወቁት ያን ጊዜ ነው ይባላል። ይህ ታሪክ በየመጽሐፉ ስለሚገኝ እዚህ አላስረዝመውም።

ለእኔ ጥያቄ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ዘመናዊ ሕክምና የሚያገኘው ማን ነበር? ከዓድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ መጥቶ ቁስለኞችን ያክም ነበር፤ ሆስፒታልም ከፈተ። ሕክምናው ለታማሚው ያለ ክፍያ ነበር። ከፋዩ የሩሲያ መንግሥትና የሩሲያ ቀይ መስቀል ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ሩሲያውያን ሲሄዱ ሆስፒታሉም አበቃ። ዛሬ በዳግማዊ ምኒልክ ስም የሚጠራው ሆስፒታል የተተካው ከዚያ በኋላ ነው። ለታማሚው ያለ ክፍያ የሆነ ነገር ሁሉ ያለ ከፋይ አልነበረም። ከፋዩ ሩቅ ስለነበረ አይታይም እንጂ።

ወርቅነህ ራሳቸውም በዚህ ጉዞ ከፋይ አልነበራቸውም። የመጡት የሌላ አገር መንግሥት ፈቃድ ሰጥቷቸው ነው፤ ፈቃዱ ሲያልቅ መመለስ ግድ ነበር። ወደ በርማ ተመለሱ። እንደገና አዲስ አበባ የመጡት በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ነው። ዐፄ ምኒልክ በታመሙበት ጊዜ ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉ። ዘመናዊ ሕክምና የተማሩት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም በአገራቸው ዋና ከተማ ሲሠሩ ደመወዛቸውን የሚከፍለው የእንግሊዝ መንግሥት ነበር። ኢትዮጵያ ሐኪም ነበራት፤ ለሐኪሙ የምትከፍልበት ዘዴ ግን አልነበራትም። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ አሁንም ወደ በርማ ሄዱ። ጠቅልለው ወደ አገራቸው የገቡት እ.ኤ.አ. በ1919 ነው።

ሆስፒታሎቹና ከፋዮቻቸው

ሐኪም ወርቅነህ ጠቅልለው ሲመጡ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አገሩን በዘመናዊ መንገድ ለመምራት የሚጣጣሩበት ጊዜ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ነፃ ለወጡ ባሮች ልጆች በተቋቋመው ትምህርት ቤትም ደክመዋል። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ታዋቂ ሆስፒታሎች ተከፈቱ። አንዱ ራስ ተፈሪ ያቋቋሙት ቤተ ሳይዳ ሲሆን የሚመራው በስዊድናዊ ሐኪም ነበር። ሌላው ጉለሌ ላይ አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም ቶማስ ላምቢ የከፈቱት ነው፤ የተሠራው አንድ አሜሪካዊ ባለጸጋ በሰጠው ገንዘብ ነበር።

የሁለቱን ሆስፒታሎች ከፋይ ስናይ አንዱ አልጋ ወራሽ፣ ሌላው ባሕር ማዶ ያለ ሀብታም ነው። ሁለቱም ላደረጉት ነገር ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም ሁለቱም አንድ አንድ ሰው ናቸው። በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ታሞ ለተኛው ገበሬ ደግሞ ሁለቱም አይደርሱለትም ነበር። የእሱ ሐኪም ወጌሻው፣ ደብተራውና ጠበሉ ነበሩ። እነዚህ ደግሞ የሚከፈላቸው እንደ ሰውየው አቅም ነው፤ ዶሮ ያለው ዶሮ፣ እህል ያለው እህል ያመጣል። ዋጋው በፊት ስለሚታወቅ ሰው አይደነግጥም ነበር። ከፈውሱ ይልቅ አከፋፈሉ የሰመረ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የኒው ዮርክ ጉዞና የአሜሪካ መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1927 ሐኪም ወርቅነህ በራስ ተፈሪ ተልከው ወደ አሜሪካ ሄዱ። ጉዳያቸው ሕክምና አልነበረም፤ የጣና ሐይቅ ግድብን የሚሠራ ኩባንያ መፈለግ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ከጄ ጂ ኋይት ኢንጂነሪንግ ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። በሃርለም ከሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንም ጋር ተገናኝተው የተማሩ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋበዙ። የእኛው አገር ውኃ ጉዳይ አሜሪካ ድረስ አድርሷቸዋል ማለት ነው። ግድቡ ግን በዚያን ጊዜ አልተሠራም።

ይህን ጉዞ ያነሣሁት አሜሪካ ራሷ በሕክምና ክፍያ ጉዳይ መስቀለኛ መንገድ ላይ የደረሰችው በእነዚያው ዓመታት ስለሆነ ነው። ወርቅነህ ከሄዱ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1929፣ ቴክሳስ ውስጥ ዳላስ ከተማ ላይ ትንሽ የምትመስል ነገር ተጀመረች። ቤይለር የተባለው ሆስፒታል ገንዘብ አጥሮት ነበር፤ የታከመው ሰው ዕዳውን መክፈል ስለማይችል ደብተሩ በዱቤ ተሞልቷል። ጀስቲን ኪምቦል የተባለው የሆስፒታሉ ኃላፊ ቀደም ሲል የከተማዋ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ስለነበር አስተማሪዎቹን ያውቃል። እያንዳንዱ አስተማሪ በወር 50 ሳንቲም እንዲያዋጣ፣ ሲታመም ደግሞ እስከ 21 ቀን ሆስፒታል ተኝቶ እንዲታከም ሐሳብ አቀረበ። በዓመት 6 ዶላር መሆኑ ነው። አስተማሪዎቹ ተስማሙ። ዛሬ የምናውቀው የአሜሪካ የጤና ኢንሹራንስ አባት የሚባለው ይኸው መዋጮ ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በቀላሉ ይገባናል፤ ከሞት በፊት የሚደርስ ዕድር ማለት ነው።

ታዲያ እንዲህ ባማረ ነገር የጀመረችው አሜሪካ በኋላ ለምን ተቸገረች? ነገሩ ሁለት ቦታ ላይ ተጠመዘዘ።

አንደኛው መዋጮው ከሥራ ጋር መታሰሩ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን ሲገድብ ቀጣሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ ኢንሹራንስ መስጠት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ይህ ጥቅም ከግብር ነፃ መሆኑ በሕግ ጸና። ከዚያ በኋላ አብዛኛው አሜሪካዊ ኢንሹራንስ የሚያገኘው በቀጣሪው በኩል ሆነ። ሥራውን ያጣ ሰው ኢንሹራንሱንም አብሮ ያጣል። ለሽማግሌዎችና ለድሆች መንግሥት የገባው እ.ኤ.አ. በ1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን በሕግ ሲያጸድቁ ነው። የኦባማ ሕግ የሚባለው እ.ኤ.አ. የ2010 ማሻሻያም ብዙ ሰው ጨመረ። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2023 ከመቶ ሰው ስምንት ያህሉ ምንም ኢንሹራንስ አልነበረውም።

ሁለተኛው የዋጋው ነገር ነው። እያንዳንዱ የአሜሪካ ሆስፒታል ከመርፌ እስከ ቀዶ ሕክምና ያለውን ሁሉ የሚዘረዝር የዋጋ መዝገብ አለው። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ዋጋ በጣም ከፍ ያለ ነው፤ ምክንያቱም ኢንሹራንሶቹ መጥተው እንደሚከራከሩበት ይታወቃል። ጉልበት ያለው ኢንሹራንስ ብዙ ያስቀንሳል፤ ጉልበት የሌለው ትንሽ ያስቀንሳል። ሜዲኬር ደግሞ ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንደ በሽታው ዓይነት አስቀድሞ የተተመነ ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ዋጋ ሊመጣባቸው ይችላል። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው የሚከራከርለት ስለሌለ ከሁሉ የበዛው፣ መዝገብ ላይ ያለው ዋጋ ይላክለታል። በገበያችን ቋንቋ ብንለው፣ ጨው ነጋዴው ለሀብታሙ ቀንሶ ለድሃው ያስወድዳል ማለት ነው። ሆስፒታሎች ዋጋቸውን ለሕዝብ እንዲገልጹ የሚያስገድደው ደንብ ሥራ ላይ የዋለው ገና እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። አሜሪካ ከዓመታዊ ሀብቷ ስድስተኛ ያህሉን ለጤና የምታወጣ አገር ናት፤ ዕዳው ቤቱን ያናጋው ታማሚም ያለው እዚያው ነው።

ከዚህ የምንማረው መዋጮ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። ማን ያዋጣል ከሚለው ጋር፣ ዋጋውን ማን ይተምናል የሚለውም መመለስ አለበት።

ጨርጨር፣ ለንደንና የመጨረሻው ዘመን

ወደ ሐኪም ወርቅነህ እንመለስ። ከአሜሪካ ከተመለሱ በኋላ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ አሰበ ተፈሪን ማዕከል አድርገው በመንገድ ሥራና በአስተዳደር ለሌሎች ግዛቶች አርአያ እንዲሆን ሠሩ። ሐኪም የነበሩ ሰው ግብርና መንገድ ላይ ማተኮራቸው ለአንዳንዱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን አይመስለኝም። በትክክል የማይሰበሰብ ግብር ባለበት አገር ቋሚ ሆስፒታል አይኖርም፤ መንገድ በሌለበት ደግሞ ታማሚው ሆስፒታሉ ጋ አይደርስም።

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። የጣሊያን ወረራ የመጣው ብዙም ሳይቆዩ ነው። አገራቸው የደረሰባትን በደል ለእንግሊዝ ሕዝብ ሲያስረዱ ከረሙ። ከሁሉ የከፋው ኀዘን ግን በ1929 ዓ.ም. ደረሰባቸው። ጠላትን ሲዋጉ የነበሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ከየካቲት 12 በኋላ በጣሊያኖች ተገደሉ። አገሪቱ ያፈራቻቸው ጥቂት የተማሩ ወጣቶች በዚያ ወር አለቁ። ሐኪሙ ወደ ህንድ ሄደው ቆይተው ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያረፉት በ1945 ዓ.ም. ነው።

እሳቸው በሚኒስትርነት የተቀመጡባት እንግሊዝ ያን ጊዜ ሌላ መንገድ ላይ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣው ሕግ ሠራተኛው በሳምንት 4 ፔንስ፣ ቀጣሪው 3 ፔንስ፣ መንግሥት 2 ፔንስ እንዲያዋጡ አድርጎ ነበር። ሐኪሙ ከማረፋቸው አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1948፣ እንግሊዝ ሁሉም ዜጋ በግብር በሚሸፈን ገንዘብ የሚታከምበትን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጀመረች። መቅደላ ላይ በአንድ ኮሎኔል ምሕረት የተረፉት ሕፃን ሰማንያን ጥቂት ተሻግረው ሳሉ፣ የኮሎኔሉ አገር ሕክምናን ከምሕረት ወደ መብት አሸጋገረች ማለት ነው።

ወደ እኛ ወረዳዎች

ከሐኪም ወርቅነህ ሞት በኋላ አገራችን ብዙ ሆስፒታልና ብዙ ሐኪም አፍርታለች። ነፋስ መውጫ ሆስፒታል አለ፤ እስቴ መካነ ኢየሱስ ሆስፒታል አለ፤ ከበድ ያለው ሕመም ደብረ ታቦር ይላካል። የክፍያው ጉዳይ ግን ለረጅም ጊዜ በታማሚው ኪስ ላይ ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ጤና ተቋማት ከታካሚ የሚሰበስቡትን ገንዘብ ለራሳቸው ሥራ እንዲያውሉት መንገድ ከፈተ። ክትባት፣ የቲቢ ሕክምና፣ ወሊድና የመሳሰሉት ያለ ክፍያ ሆነው ቀጠሉ። ለሌላው ሕመም ግን ካርድ ማውጣት፣ ላብራቶሪ መክፈል፣ መድኃኒት መግዛት አለ።

አጎቴ የታመመ ጊዜ ያየሁትን ልጥቀስ። ሆዱን አሞት ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ተባለ። ስሙን የማልጠራው ሆስፒታል ውስጥ ጠቅላላ ስንት እንደሚያስወጣው አስቀድሞ የሚነግረን ሰው አልነበረም። ዛሬ ይኼን ክፈሉ፣ ነገ ያንን ግዙ እየተባለ ነበር የሚሄደው። አክስቴ መጀመሪያ በጎቹን ሸጠች። ቀጥሎ አንዱ በሬ ተሸጠ። አጎቴ ድኖ መጣ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። በሚቀጥለው ክረምት መሬቱን ለእኩል ሰጠ፤ ከምርቱ ግማሹ ሄደ። ሕመሙ በአንድ ወር ሲያልፍ የሕመሙ ዋጋ ሦስት ዓመት ቆየ።

ለዚህ ችግር የተዘጋጀው መልስ የጀመረው ለእኛ ቅርብ በሆነ ቦታ ነው። በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በሙከራ ደረጃ በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ጎንደሯ ፎገራ ናት። ሌሎቹ ተሁለደሬና ደቡብ አቸፈር ናቸው። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አባል የሚሆነው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ገበሬው እህሉን አስገብቶ እጁ ላይ ገንዘብ በሚኖርበት ወቅት ይከፈላል። በጣም ድሃ ለሆኑት በሕዝቡ ፊት ተለይተው መንግሥት ይከፍልላቸዋል። አባሉ መታወቂያውን ይዞ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል። ሂሳቡን መድኑ ከሆስፒታሉ ጋር ይተሳሰባል።

ከአሜሪካ ጋር ስናነጻጽረው እኛ በአንድ ነገር እንሻላለን። በመንግሥት ሆስፒታል መደበኛ ክፍል ውስጥ ዋጋውን የሚተምነው መንግሥት ነው እንጂ እያንዳንዱ ሆስፒታል ከእያንዳንዱ ከፋይ ጋር አይከራከርም። መዋጮውም ከቅጥር ሥራ ጋር አልታሰረም። ቢታሰር ኖሮ ገበሬው ከመጀመሪያው ውጭ ይሆን ነበር። ለደመወዝተኞች የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጸድቅም ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። በዚህ ረገድ ገበሬው ከመንግሥት ሠራተኛው ቀድሟል።

ችግሩን ደግሞ ሳንደብቅ እንናገር። የመጀመሪያው፣ የታመመ ብቻ የሚመዘገብ ከሆነ ሣጥኑ ባዶ ይቀራል። ዘንድሮ አልታመምኩም፣ ብሬ በከንቱ ሄደ የሚል ሰው ብዙ ነው። ይህ ሰው ዕድር ሲከፍል ግን ዘንድሮ አልሞትኩም ብሎ አይቆጭም። ሁለተኛው መድኃኒት ነው። አባሉ መዋጮውን ከፍሎ፣ ተመርምሮ፣ መድኃኒቱ የለም፣ ከግል ፋርማሲ ግዛ ሲባል መድን መግባቱ ምን ዋጋ አለው ይላል፤ እውነቱን ነው። ሦስተኛው የተቋሙ ህልውና ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ሆስፒታሉ ተዘርፎ ነበር። አልጋውና መሣሪያው የሌለበት ቦታ የመድን መታወቂያ ብቻውን ማንንም አያክምም።

ማጠቃለያ

የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በከፋዮች የተቀየረ ሕይወት ነው። አንድ ኮሎኔል አነሣቸው፤ ሌላው አስተማራቸው፤ የህንድ መንግሥት ደመወዝ ከፈላቸው፤ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ቀጠራቸው፤ በመጨረሻ የገዛ አገራቸው መንግሥት ሾማቸው። በየምዕራፉ ከፋዩ ሲለወጥ የሚያክሙት ሰውም ይለወጥ ነበር። የመንግሥት ሐኪም ሲሆኑ የበርማን ሕዝብ አከሙ፤ የሌጋሲዮን ሐኪም ሲሆኑ በዲፕሎማቶችና በቤተ መንግሥት ዙሪያ ሆኑ። የጋይንት ገበሬ ከፋይ ስላልነበረው ከመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ድርሻ አልደረሰውም። የሐኪሙ ልብ ደግ ስላልነበረ አይደለም፤ ደመወዙ የሚመጣው ከሌላ በኩል ስለነበረ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይላል ያገሬ ሰው። የአሜሪካ ታሪክ በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምርልናል፤ ሎሚው ቢከፋፈልም ባለ ሎሚው ለእያንዳንዱ የተለያየ ዋጋ የሚጠራ ከሆነ ሸክሙ ተመልሶ ይከብዳል። ስለዚህ በዚህ ክፍል የምንማር ተማሪዎች ነገ በየወረዳው ስንመደብ ሁለቱን ጥያቄዎች አብረን ብንይዝ ጥሩ ይመስለኛል። ስንት ሰው ተመዘገበ ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው። የተመዘገበው ሰው መድኃኒቱን በተተመነው ዋጋ እዚያው አገኘ ወይ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር በሪፖርት ላይ ያምራል። ገበሬው በሚቀጥለው ጥር መዋጮውን ይዞ የሚመለሰው ግን በሁለተኛው ነው።

ለቤተ ልሔም ተማሪ ቁራሽ የሚሰጥ ቤት ሁሉ ተማሪው ሲዘምር ይሰማል፤ የሰጠው ነገር ምን እንደሆነ ያውቀዋል። መድኑም እንዲቀጥል አዋጪው ጎረቤቱ ድኖ፣ በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ማየት አለበት።